ከዲዩቲ (ከአዳር ተረኝነት) ማግስት፦ ሐኪሞቻችን እንዳይዝሉ በክፍላችን ምን ማድረግ እንችላለን?

ጠያቂ፣ የክፍል ኃላፊ
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍልን አስተባብራለሁ። ባለፈው ወር በትጋቱ የምናመሰግነው አንድ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት (የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም)፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የአንዱን ታካሚ የኢንሱሊን ትዕዛዝ በሌላው ቻርት ላይ ጻፈ፤ ነርሷ ተጠራጥራ ባትጠይቀው ኖሮ መድኃኒቱ ይሰጥ ነበር። በማግስቱ ሳነጋግረው ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር ምንም አላለም። ከወጣ በኋላ ሰዓቱን ስቆጥር ለ30 ሰዓት ያህል አልተኛም፤ ፕሮግራሙን ያወጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ደመወዝ መጨመርም ሆነ ሰው መቅጠር በእጄ አይደለም። ጭንቀትን ስለመቋቋም ሥልጠና ላዘጋጅ አስቤ ነበር፤ ይጠቅማል ብዬ ግን ራሴን ማሳመን አልቻልኩም።

መልስ 1፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት
ዶክተር፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ ጫና መዛልን) የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ እንጂ እንደ በሽታ አይደለም፤ ስለዚህ መፍትሔውን ከልጁ ጽናት መጠበቅ አይገባም። እኛ ዘንድ ያደረ ተረኛ በሞርኒንግ (የጠዋት ሪፖርት) ስብሰባ ቆሞ ይገሠጽ ነበር፤ አሁን አስቀድሞ ሪፖርቱን አቅርቦ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ወደ ቤቱ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም አልሄደም፤ ሰነፍ እንዳይባሉ ፈርተው ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ይቆዩ ነበር። የተለወጠው እኛ ሲኒየሮች ራሳችን ካደርን በኋላ በሁሉም ፊት ቦርሳችንን አንሥተን መውጣት ስንጀምር ነው።

መልስ 2፣ በአሜሪካ የሚሠራ ሐኪም
እዚህ የሥራ ሰዓት ገደብ ውይይት የተቀሰቀሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛዮን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት በኒው ዮርክ ሆስፒታል ከሞተች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንቶች ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ፣ በአራት ሳምንት አማካይ ተሰልቶ፣ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደንግጓል (80 ሰዓትም ቢሆን ትንሽ አይደለም)። ይሁንና ሰዓቱ ሲያጥር ታካሚው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ጊዜ ይበዛል፤ ስለዚህ ርክክቡ በቃል ብቻ እንዳይቀር ያስፈልጋል። በዘጠኝ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ወጥ የርክክብ ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ ቀንሷል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ቅጽና ማንም የማያቋርጠው ግማሽ ሰዓት ነው።

መልስ 3፣ የዋርድ ነርስ
ዶክተር፣ የዲዩቲ ክፍላችሁን ገብተው አይተውታል? እኛ ጋ ለሦስት ተረኛ አንድ አልጋ ነበር፤ አንሶላ አልነበረውም፣ በሩም አይዘጋም ነበር። ሌላው ጥሪ ነው። በየአሥር ደቂቃው ለትኩሳት መድኃኒትና ለካኑላ (በደም ሥር ለሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሐኪም እንቀሰቅስ ነበር፤ አሁን አጣዳፊ ያልሆነውን በወረቀት መዝግበን በየሁለት ሰዓቱ አንድ ጊዜ እንጠራለን፤ አጣዳፊው ግን አይጠብቅም። ለመሆኑ ያቺን ነርስ ምን አላችኋት?

ጠያቂ
ሲስተር፣ ምንም አላልናትም። ነገ በሞርኒንግ ስብሰባ በሁሉም ፊት አመሰግናታለሁ። የዲዩቲ ክፍሉንም ዛሬ ከሰዓት አየሁት፤ የበሩ መዝጊያ ተነቅሏል። ፕሮግራሙን እንደገና እየጻፍኩ ነው፤ የፊታችን ሐሙስ የማድረው እኔ ነኝ፣ ዓርብ በ3 ሰዓት ተኩልም ቦርሳዬን አነሣለሁ።