ሰርቀው ሲያልፍላቸው እያየሁ ውስጤ ተቃጠለ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ግዢ ክፍል 9 ዓመት ሰርቻለሁ፣ አብሮኝ የተቀጠረ ልጅ ከአቅራቢ ኮሚሽን እየበላ ጂ ፕላስ ቱ ሰራ፣ መኪና ቀየረ፣ እኔ ግን እስካሁን ኪራይ ቤት ነኝ ደሞ አከራዬ በየስድስት ወሩ ይጨምርብኛል። የሚያንገበግበኝ ለንግስ ምንጣፍ ምናምን ሲያመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይመርቀዋል። መዝሙር 36 «በክፉዎች ላይ አትቅና» እንደሚል አውቃለሁ ግን እንዴት ነው የማይቀናው? ቅናት ይሁን ፍትህ ፍለጋ ለራሴም አልለይልሽ ብሎኛል። አንዳንዴ ምነው እኔም በበላሁ እላለሁ፣ ያስፈራኝ እሱ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ እህቴ እሱ ሀሳብ እኮ የአሳፍ ነው። መዝሙር 72ን እዪው (በሌላው አቆጣጠር 73)፣ የሀጢአተኞችን ሰላም አይቼ ቀናሁ እግሬ ሊሰናከል ትንሽ ቀረ ይላል፣ ልቤን ያነፃሁት በከንቱ ነው እስከማለት ደርሶ ነበር፣ ይሄን ያለው ደሞ የመቅደስ ዘማሪ ነው። መዝሙረ ዳዊትን ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍሎ ለሚደግም 36 ማክሰኞ ይደርሰዋል 72 ረቡዕ፣ ስለዚህ ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ሁለቴ ይፀለያል ማለት ነው፣ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ደሞ ልብ በይ፣ አሳፍ ልቡ የተመለሰው መቅደስ ገብቶ ፍፃሜያቸውን ሲያስተውል ነው እንጂ ሰዎቹ ከስረው አይደለም፣ እነሱ ያኔም እንደደላቸው ናቸው።

ማለዳ፦ አሁን ብዙ ሰው መጥቶ ይወድቃል ጠብቂ ይልሻል፣ እኔ አልስማማም። ምሳሌ 24 ቁጥር 17 ጠላትህ ሲወድቅ ደስ አይበልህ ይልና ቁጥር 19 ላይ በክፉዎች አትቅና ይላል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። የመዝሙር 36 ደሞ አማርኛው ሁለቴ አትቅና ቢልም በዕብራይስጥ የመጀመሪያው ቃል መንደድ መቃጠል ነው፣ ማለትም አንቺ ርዕሱ ላይ የፃፍሽው ራሱ። ማስረጃ ካለሽ ለሚመለከተው ማሳወቅ ግን ቅናት አይደለም፣ የድርጅቱ ገንዘብ ነው የተበላው። ብቻ ተቃጥለሽ አታድርጊው፣ እዛው መዝሙር ላይ ከቁጣ ራቅ ይላል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። እውነት ለመናገር ኦዲተር በመጣ ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር፣ ውድቀቱን እየጠበቅኩ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። የደረሰኞቹ ኮፒ እጄ ላይ አለ። ዛሬ አልነካውም፣ ረቡዕ 72ን ደግሜ ነው የምወስነው።