ማዴራን በአንድ ቀን በመኪና መዞር ይቻላል?

ማሂ፦
ሰላም ቤተሰብ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ከእናቴ ጋር ከፍራንክፈርት ወደ ፖርቱጋሏ ደሴት ማዴራ ልንሄድ ነው። መኪና የምንከራየው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። የደሴቷ ርዝመት 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። ጠዋት ወጥተን ሙሉውን ዞረን ማታ እንመለሳለን? እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ አትራመድም።

ባለመሪ፦
ማሂዬ፣ ካርታው እንዳይሸውድሽ። እኔም ሙሉውን እዞራለሁ ብዬ ቀኑን ዋሻ ለዋሻ ስሄድ ዋልኩ። አዲሱ መንገድ ተራራውን በስቶ ነው የሚያልፈው። ይፈጥናል፣ ግን ምን ታያለሽ? የዋሻ መብራት!

ምሥራቁን ተዪው፣ ምዕራቡን ብቻ ያዢ። ከዋና ከተማዋ ከፉንሻል ተነስተሽ መጀመሪያ ካቦ ዢራው ቁሚ። ከባሕሩ 580 ሜትር ከፍ ያለ ገደል ነው፤ መቆሚያው ወለል መስታወት ነው። ባለቤቴ ጠርዙን ይዛ ቀረች፣ እኔም ጀግና መስዬ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ በሪቤራ ብራቫ አቋርጠሽ ሳው ቪሴንቴ፣ ቀጥሎ ፖርቶ ሞኒዝ። እዚያ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገንዳ ሠርቷል፤ ማዕበሉ እየዘለለ ይሞላዋል። እማማ እግራቸውን ነክረው ይቀመጡ።

ከፖርቶ ሞኒዝ ሽቅብ ወደ ፋናል ጫካ ነው። ለእኔ ጉዞው እሱ ነበር። ጉም ከወረደ ደስ ይበልሽ እንጂ እንዳትመለሺ። የሎረል ዛፎቹ አርጅተው ጎብጠዋል፣ ግንዳቸውን ሽበት ወርሶታል። የባሌን ሀረና ጫካ ያየ ሰው ይገባዋል። ብዙ መራመድም የለም፣ ከመኪናው ወረድ ብሎ ማየት ነው። ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ላሞች ድንገት ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ።

ማሂ፦
ጋሼ ተባረክ! ማንዋል ነው አውቶማቲክ የሚሻለኝ?

ባለመሪ፦
አውቶማቲክ! እኔ ርካሹን ትንሽ ማንዋል ይዤ ፉንሻል ዳገት ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። አረንጓዴ ሲበራ ወደ ኋላ ሸርተት፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ እንደገና ሸርተት። ፍሪሲዮኑ ሸተተ። ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ አንዴም ጥሩንባ አልነፉም፤ እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ።

የሸገር ልጅ፦
ፖንቻ እንዳትረሱ። የሸንኮራ አገዳ አረቄ፣ ማርና ሎሚ ነው። ግን መኪናውን ከመለሳችሁ በኋላ። እኔ አንድ ብርጭቆ ብዬ ጀምሬ ሆቴሌ ጠፍቶኝ ነበር።

ማሂ፦
እናቴ ሁዳዴ ላይ ናት፣ አረቄውም ይቅርባት። የጾም ምን አለ?

ባለመሪ፦
ቦሎ ዶ ካኮ። ስንዴና ስኳር ድንች ተቦክቶ ምጣድ ላይ የሚጋገር ዳቦ ነው። በነጭ ሽንኩርት ቅቤ ቀብተው ነው የሚያመጡት፣ ስለዚህ ቀድመሽ «ሴም ማንቴይጋ» በያቸው፤ ያለ ቅቤ ማለት ነው።