እንግዳው በ«ፋይቭ» ቀስቅሱኝ አለ፤ እኛ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ቀሰቀስነው

እንግዳ ተቀባይ፣ ላሊበላ፦
ሆቴል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ቤተ ማርያም ሄዶ የንጋቱን ቅዳሴ ለማየት ፈልጎ «በፋይቭ ቀስቅሱኝ» አለኝ። መዝገቡ ላይ «5 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የሌሊት ጥበቃው ጋሼም እንደ አገራችን አንብበው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩ። ሰውየው ለብሶ፣ ካሜራውን አንግቶ ወረደ። ሰዓቱን ያየው ደረጃውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ተመልሶ ተኛ፤ ቅዳሴውም አመለጠው። ጠዋት ስገባ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁኝ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። የእንግሊዝኛ ሰዋስው አይከብደኝም። ሌላ እንዲህ ያለ ስሕተት ሳይደርስ ምን ልማር?

የቀድሞ አስተናጋጅ፣ ደሴ፦
እህት ዓለም፣ አይዞሽ፤ እንግሊዝኛሽ አልጎደለም። የእነርሱ ሰዓት ከእኛ በ6 ይለያል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፊ። እኔን ለዓመታት ያስቸገረችኝ «የስ» ናት። እንግዳው «ሙቅ ውሃ የለም?» ሲለኝ እንደ አማርኛችን «አዎ፣ የለም» ለማለት «የስ» እለዋለሁ። እርሱ አለ ማለቴ መስሎት ፎጣውን ይዞ ይገባል። «የስ» ብለሽ አትተዪው፤ አለ ወይም የለም ብለሽ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሺ።

ወጥ ቤት የምሠራ፣ ኮምቦልቻ፦
የደሴው ወንድሜ፣ እንግሊዝኛዋ አልጎደለም በሚለው አልስማማም። ትምህርት ቤት ያስተማረን ማንበብና መጻፍ ነው፤ ጆሯችን ግን ፈጥኖ የሚናገር ሰው አልለመደም። ባይገባንም «እሺ» እንላለን። አንዲት እንግዳ ለውዝ እንደማይስማማት ተናግራ አስተናጋጁ ራሱን ነቅንቆ ብቻ አለፈ። ደግነቱ እርሷው ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችን። ይህ ከሰዓት ስሕተት የባሰ ነው፤ ሰው ሊሞት ይችላል። የጾም ምግብንም «ፋስቲንግ ፉድ» ብላችሁ አትተዉት። እነርሱ «እኔ አልጾምም» ብለው ያልፉታል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ነው በሏቸው፤ ያን ጊዜ በያይነቱን ራሳቸው ይመርጣሉ።

እንግዳ ተቀባይ፣ ላሊበላ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ ሳይገባኝ «እሺ» ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ የሰማሁትን ለእንግዳው መልሼ እነግረዋለሁ። መዝገቡንም ትናንት ማታ ከጋሼ ጋር በማስመሪያ ለሁለት ከፈልነው፤ በግራ የእነርሱ ሰዓት፣ በቀኝ የእኛ። የመጀመሪያውን መስመር ጋሼ በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ «5 — ንጋት 11»።