መብራቱን ወንዝ የወረወረው ልጅ ከሃዲ ነው?

ሰብለ፦
ትናንት ማታ ዳዊት እዚህ ቡድን ውስጥ የጻፈው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቃሉን እንዳለ ልድገመው፦ «ኢሳጋኒ ከሃዲ ነው። እሱ ባይከዳ ኖሮ የፊሊፒንስ ነፃነት ከዚያ ሠርግ ቤት ይጀምር ነበር።» ስምንት ሰው ላይክ አድርጎታል። አንድ ሰው እንኳን «ቆይ እስቲ» አላለም።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። መጽሐፉ የፊሊፒንሱ ደራሲ የሆሴ ሪሳል ሁለተኛ ልብ ወለድ ነው። ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ ይባላል፤ በፈረንጅ 1891 የታተመ። አገሪቱ ያኔ የስፔን ቅኝ ግዛት ናት። ሲሙን የተባለ የጌጣጌጥ ነጋዴ የማኒላን ሹማምንት አንድ ሠርግ ላይ ሊፈጃቸው አስቧል። ስጦታ ብሎ መብራት ያመጣል። መብራቱ የሰው ራስ ያክላል፤ ቅርጹ የተሰነጠቀ ሮማን ነው። ሆዱ ውስጥ ፈንጂ አለ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ብርሃኑ ይደክማል። ያኔ ክሩን ከፍ ላድርግ ብሎ የነካው ሰው ቤቱን በሙሉ ያነደዋል። ሙሽራዋ ደግሞ ኢሳጋኒ የሚወዳት ልጅ ናት። ልጁ ነገሩን ሲሰማ ሮጦ ገባ፣ መብራቱን አነሳ፣ ወንዝ ውስጥ ወረወረው።

ዳዊት፣ ይሄ ልጅ ማንን ነው የከዳው? ከሲሙን ጋር አልተማማለም። ሴራውን የሰማው እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው። ቃል ያልገባ ሰው እንዴት ይከዳል?

ዳዊት፦
ያልኩትን አላጥፍም። ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደነበረም ጻፊው እንጂ። ጠቅላይ ገዢው አለ። መነኮሳቱ አሉ። ሹማምንቱ አሉ።

ካቤሳንግ ታሌስን አስታውሺ። ጫካ መንጥሮ መሬት ያቀና ገበሬ ነው። ሚስቱንና ትልቋን ልጁን እዚያው በበሽታ ቀበረ። መሬቱ ማፍራት ሲጀምር መነኮሳቱ «የኛ ነው» ብለው መጡ። ኪራዩን በየጊዜው ጨመሩበት፣ ጨመሩበት፣ 200 ፔሶ ደረሰ። ፍርድ ቤት ሄደ፤ ተረታ። ቀጥሎ ሽፍቶች ያዙት፤ ማስለቀቂያ 500 ፔሶ ተጠየቀ። ልጁ ሁሊ ገንዘቡን ለማሟላት ሰው ቤት ገረድ ሆና ገባች። እሱን የበሉት ሰዎች ናቸው እዚያ ሠርግ ላይ ተሰብስበው የሚበሉት።

ኢሳጋኒ ያዳነው እነሱን ነው። ያውም ጥላው ሌላ ላገባች ልጅ ብሎ። የከዳው ሕዝቡን ነው።

የቤሩቷ፦
እኔ መጽሐፉን ከማንበቤ በፊት ታሪኩን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከጎናችን ያለው ቤት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ልብስ ስንሰበስብ እናወራለን። አንድ ቀን የሲሳን ታሪክ ነገረችኝ፤ ከሪሳል የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ከኖሊ ሜ ታንጌሬ። እንደ ልብ ወለድ አይደለም የነገረችኝ፤ እንደ ጎረቤቷ ነው።

የሲሳ ሁለት ልጆች ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውላሉ። ትንሹ ክሪስፒን ሁለት የወርቅ ሳንቲም ሰረቅህ ተባለ። ዋጋው 32 ፔሶ ነው። የወንድሙ ደሞዝ በወር 2 ፔሶ። ጓደኛዬ በጣቷ ቆጠረችልኝ፦ «ሳይበላ ሳይጠጣ አሥራ ስድስት ወር» አለችኝ። ልጁን ደበደቡት፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ጠፋ። እናትየው አበደች። በነሱ አገር እስከዛሬ አእምሮዋን ስታ መንገድ ላይ የምትዞር ሴት ካዩ «ሲሳ» ይሏታል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። ጓደኛዬን ከቄሱ ይልቅ ያንገበገባት የቤተ ክርስቲያኑ ዋና አገልጋይ ነበር። ልጁን እየጎተተ የወሰደው እሱ ነው። እሱ ደግሞ የገዛ አገራቸው ሰው ነው። ዳዊት «ሕዝቡ» ሲል ያን ሰውዬ የት ያስቀምጠዋል?

ጋሽ ታደሰ፦
ልጄ ዳዊት፣ ጥያቄዬ ስለ ኢሳጋኒ አይደለም፤ ስለ ሲሙን ነው። ይሄ ሰው ማን ነበር? የመጀመሪያው መጽሐፍ ኢባራ ነው። ትምህርት ቤት ልሥራ ብሎ ከአውሮፓ የተመለሰው ወጣት ማለት ነው። በሐሰት አመፀኛ አስባሉት፣ አሳደዱት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ስሙን ቀይሮ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሀብታም ሆኖ መጣ።

መጥቶ ግን ምን ሠራ? የመጀመሪያውን ምዕራፍ ክፈተው። በመርከብ እየሄዱ ስለ ወንዙ ያወራሉ። ሲሙን ምክር ይሰጣል፦ ማኒላን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ቦይ ይቆፈር። ማን ይቆፍረው? እስረኛው። እስረኛው ካልበቃ ሕዝቡ፣ ያለ ደሞዝ። የጠቅላይ ገዢው ጆሮ የሱ ነው፤ እዚያ ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹከውም «ጨምርባቸው» ነው። በኋላ ሲሳ መቃብር አጠገብ ለትልቁ ልጇ ለባሲሊዮ ራሱ ይነግረዋል። ስግብግብነቱን ያባባስኩት፣ ግፉን ያበረታታሁት ሕዝቡ እንዲነሳ ብዬ ነው ይለዋል።

ሕዝብ እንዲነሳ ሕዝብን ማስገረፍ! ክህደት የሚለው ቃል የሚያርፍበት ቦታ ካጣ እዚህ ይረፍ።

ዳዊት፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ግፉን ሲሙን አላመጣውም። ከሱ በፊት ነበር። እሱ ያደረገው የነበረውን ማፍጠን ነው። ብጉንጅ ሳይበስል አይፈነዳም።

ሰብለ፦
«ብጉንጅ ሳይበስል አይፈነዳም!» እሺ። ብጉንጁ ያለው ማን ገላ ላይ ነው? ሲሙን ላይ አይደለም። እሱ አልማዝ ይሸጣል። ሁሊ ላይ ነው የሚበስለው። ፍቅረኛዋ ባሲሊዮ ሲታሰር ሁሊ እንዲያስፈታላት ልትለምን ቄሱ አባ ካሞራ ዘንድ ሄደች። ሄዳ ምን ሆነች? ከገዳሙ መስኮት ራሷን ወረወረች። ይብሰል የምትለው ይሄ ነው?

ናቲ፦
ሰብለ፣ ሁሊን ሲሙን ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። እሷን የገደላት አባ ካሞራ ነው። ባሲሊዮም የታሰረው ዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ሰበብ ነው። ሲሙንን ለመክሰስ የማያንስ ጥፋት አለው፤ የሌላውን አትጨምሪበት።

ሰብለ፦
አባ ካሞራ ነው፤ ልክ ነህ፣ አልካድኩም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። «ይብሰል» የሚል ሰው አባ ካሞራን ምን ይፈልገዋል? እንዲቆም ወይስ እንዲብስበት? ዳዊት ይመልስ።

ዳዊት፦
እንዲወድቅ ይፈልገዋል።

ሰብለ፦
እስኪወድቅስ?

ናቲ፦
ክህደት ከተባለ ሁላችሁም ያለፋችሁት ሰው አለ። ማሪያ ክላራ፣ የኢባራ እጮኛ። ኢባራ ሲከሰስ ማስረጃ የሆነው ለሷ የጻፈው ደብዳቤ ነው። በእጇ ያስረከበችው እሷ ናት። አገሩን ያጣው በፍቅር ደብዳቤው ነው። ይሄን ከሃዲ ያላለ ሰው ኢሳጋኒን ምን አፍ አለው?

የቤሩቷ፦
ናቲ፣ ግማሹን አትዋጠው። በምን ለወጠችው? በሟች እናቷ ደብዳቤዎች ነው። እውነተኛ አባቷ አባ ዳማሶ መሆኑን የሚናገሩ ደብዳቤዎች በቄሱ በአባ ሳልቪ እጅ ነበሩ። ያንን ደብዳቤ ካልሰጠሽ የእናትሽ ስም ጎዳና ይወጣል ተባለች። አንዲት ወጣት ልጅ፣ መቃብር ውስጥ ላለች እናቷ። እኔ እሷ ላይ ድንጋይ አላነሳም። በማስፈራሪያ የተወሰደ ነገር ተሰጠ አይባልም።

ናቲ፦
ኢባራ ግን ከፈለበት።

የቤሩቷ፦
እሷስ? ገዳም ገባች። የገባችበት ገዳም ውስጥ ደግሞ ያው አባ ሳልቪ አለ። የመጨረሻውን ገጽ አንብበኸዋል? በዝናብ ሌሊት ጣሪያ ላይ ቆማ የምትጮኸውን መነኩሲት?

ዳዊት፦
ወደ ነገራችን እንመለስ። ባሲሊዮን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ምስጢሩን ለኢሳጋኒ ያወጣው እሱ ነው። እናቱ ሲሳ ናት። ወንድሙ ክሪስፒን ነው። የሚወዳት ልጅ ሁሊ ናት። መጀመሪያ ሲሙንን እምቢ ብሎት ነበር፤ ሁሊ ስትሞት ራሱ መጥቶ እሺ አለ። ከዚያ በመጨረሻዋ ሰዓት ጓደኛው አሳዘነውና አፉን ከፈተ። እሱም ቢሆን ከድቷል።

ሰብለ፦
አያችሁ? ትናንት ኢሳጋኒ ብቻ ነበር። ዛሬ ባሲሊዮ ተጨመረ። በዳዊት ሚዛን ማንም ቢሆን ለሚወደው ሰው ነፍስ ከሳሳ ከሃዲ ነው። ባሲሊዮን እኮ ያንን ቤት የሚያጋየው ሰው ማድረግ አይቻልም። ልጅ ሆኖ በሌሊት እናቱን የቀበረ ሰው ነው። ጓደኛው እሳት ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ ቢያይ ነው የሚገርመኝ።

ሠርጉ ላይ ሙዚቃ የሚጫወቱት፣ ወጥ ቤት ያሉት፣ በር የሚከፍቱት እነማን ናቸው? የሹም ልጆች ናቸው?

ጋሽ ታደሰ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት መጽሐፍ ስላለ። ሲሙን ሲሞት ቄሱ አባ ፍሎሬንቲኖ ሀብቱን፣ ሣጥኑን በሙሉ፣ ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል። ለቅን ዓላማ በተፈለገ ጊዜ ፈጣሪ ያውጣው ብሎ ነው። መብራቱ ወንዝ ገባ፤ ሣጥኑ ባሕር ገባ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አማዶ ኸርናንዴስ የሚባል ደራሲ ይሄን ሣጥን ፈለገው። የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረ ሰው ነው። በ1951 ታስሮ ከአምስት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በዋስ ወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃ ያለው ገና በ1964 ነው። በ1969 ያሳተመው ልብ ወለዱ ርእሱ «ነጣቂ አሞሮች» እንደማለት ነው። ዋናው ሰው ማንዶ ይባላል። ጃፓን አገሩን በያዘችበት ጊዜ የሀብታም ቤት አሽከር ነበር፤ ጌቶቹ ጠላትን ተጠግተው ይነግዱ ነበር። ሸሽቶ ጫካ ገባ፣ በኋላ የሲሙንን ሀብት ከባሕር አወጣ። በገንዘቡ ጋዜጣ አቋቋመ።

አስተውሉ እንግዲህ። ስፔን ሄዷል፤ አሜሪካም ባንዲራዋን አውርዳለች። አሞሮቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ስማቸው ብቻ የአገር ስም ሆኗል። ሲሙን ሠርግ ቤቱን ቢያጋይ ኖሮ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር ዳዊት? ሪሳል በአባ ፍሎሬንቲኖ አፍ የጠየቀውም ይሄንኑ ነው፦ የዛሬው ባሪያ የነገ ጨቋኝ ከሆነ ነፃነቱ ምን ይረባል?

ዳዊት፦
ጋሼ፣ የቄሱን ቃል የሪሳል ቃል ማድረግ ልማድ ሆኗል። ሪሳል ለሲሙንም የሰጠው ቃል ትንሽ አይደለም። ደግሞ በሰላሙ መንገድ የጻፈውን ሰው ምን አደረጉት? በፈረንጅ ዲሴምበር 30፣ 1896 ባጉምባያን ሜዳ ላይ ረሸኑት። መብራት አልያዘም። የያዘው ብዕር ነበር።

ናቲ፦
እኔ ደግሞ መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚሠራ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። በ1956 ሕግ ወጥቶ ሁለቱ መጽሐፎች በትምህርት ቤት ግዴታ ሆኑ። ቤተ ክህነቱ አጥብቆ ተቃወመ፤ ሕጉ ግን ጸደቀ። ሲሳን የማያውቅ ተማሪ የለም ማለት ነው። በ1972 ፕሬዚዳንቱ ማርቆስ የጦር ሕግ ሲያውጅ ያጨበጨቡት እነዚሁ ያነበቡት ሰዎች ናቸው። ሉዋልሃቲ ባውቲስታ «ዴካዳ 70» የሚለውን ልብ ወለድ የጻፈችው ያንን ዘመን ነው። አንዲት እናት፣ አምስት ወንዶች ልጆች። አንዱ ጫካ ይገባል፤ አንዱ ተገድሎ ይገኛል። ያንንም አነበቡ፤ ፊልሙንም አዩ። በ2022 የማርቆስን ልጅ ከ31 ሚሊዮን በላይ ሰው መረጠው።

የቤሩቷ፦
ናቲ፣ «ያነበቡት ሰዎች» ስትል ቅር አለኝ። ጓደኛዬ አንብባለች። ሙሰኛ ሹም በቋንቋቸው «ቡዋያ» ነው የሚባለው፣ አዞ ማለት ነው። ስለ ሰፈራቸው ሹም ስታወራ ስሙን አንድም ቀን አልጠራችም፤ «አዞው» ነው የምትለው። በምርጫ ሰሞን ግን እናቷ ከአዞው ሰዎች ፖስታ ተቀበለች። ጓደኛዬ በስልክ ስትጣላት ሰምቻለሁ። እናትየው ምን አለቻት መሰለህ? «ሩዙን አንቺ ነሽ የምትልኪው? የዚህ ወር አልደረሰም።» ያ ወር የኛ አሠሪዎች ደሞዝ ያቆዩበት ወር ነበር። ስልኩን ዘግታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ደግማ አላነሳችውም።

ሲሳን ስለማታውቅ ነው ፖስታውን የተቀበለችው ብትለኝ አላምንህም።

ዳዊት፦
የኔን ነገር እየደገፍሽልኝ ነው እኮ። በማንበብና በመምረጥ ካልሆነ በምን ይሁን?

የቤሩቷ፦
በፈንጂ ይሁን አላልኩም። ቃሌን አትጠምዝዝ።

ሰብለ፦
ዳዊት፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። «ከሃዲ» የሚለውን ቃል ታነሳለህ?

ዳዊት፦
አላነሳም። መብራቱ ወንዝ ከገባ በኋላ ምን እንደመጣ ተመልከቺ። ወታደሮች ገበሬዎችን እጃቸውን የፊጥኝ አስረው በጠራራ ፀሐይ ይነዷቸዋል። መንገድ ላይ ከሽፍቶች ጋር ተኩስ ይነሳል። ከወታደሮቹ አንዱ የታሌስ ልጅ ታኖ ነው። ዓለት ላይ ጦር ይዞ የቆመ ሰው አይቶ ተኮሰ። ወጥቶ ሲያየው የገዛ አያቱ ናቸው፤ ሽማግሌው ሴሎ። ሁሊ ገረድ ሆና ከቤት ስትወጣ አንደበታቸው የተዘጋው ሴሎ። መናገር አይችሉም፤ በእጃቸው ብቻ ወደ ዓለቱ ጀርባ አመለከቱ። ያ ጥይት የተተኮሰው ሠርግ ቤቱ ስለተረፈ ነው።

ሰብለ፦
ያንን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ። የተኮሰው ግን ታኖ ነው፣ ያስተኮሰው አዛዡ። ኢሳጋኒ አይደለም። ቃሉን አንሳ።