ጥቆማ፦ ሬስሊንግ ለማየት የቱን ልያዝ? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ከገመዱ ውጪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሮ ለትልልቆቹ ትርዒቶች ፒኮክ የሚባለውን ስትሪሚንግ ከያዝክ አለቀ። አሁን የደብሊውደብሊውኢ (የትልቁ ሬስሊንግ ድርጅት) ሳምንታዊ ትርዒት ሮው አንድ ቤት፣ ሌላው ሳምንታዊ ስማክዳውን ሌላ ቤት፣ ትልልቆቹ ትርዒቶች ሦስተኛ ቤት ገብተዋል። ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኢንተርኔቱ የቬራይዘን ፋዮስ ነው፣ ኬብል ቲቪ የለኝም። በወር ከ40 ዶላር ባያልፍ ጥሩ ነው። ኤኢደብሊው (ተፎካካሪው ድርጅት) ቢጨመር ደስ ይለኛል፣ ባይጨመርም አልከፋም።
ሁለተኛ ጥያቄ፦ ከ2025 ትርዒቶች ወደ ኋላ ተመልሼ ማየት ያለብኝ የቱን ነው? «ሁሉም አሪፍ ነው» አትበሉኝ።

ቀበቶ ያዥ፦
በአንድ ክፍያ ሁሉንም የሚሰጥህ ሕጋዊ ነገር አሜሪካ ውስጥ የለም። ክፍፍሉ እንዲህ ነው፤ ዋጋዎቹ የ2025 ናቸው።
ሮው ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ኔትፍሊክስ ላይ ነው፣ ከጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ጀምሮ። ማስታወቂያ ያለበት ፓኬጅ 7 ዶላር ከ99 ይበቃሃል። በቀጥታ ስርጭቱ መሃል ያለው ማስታወቂያ ውዱን ለከፈለም ስለሚመጣ፣ ለሮው ብለህ ወደ ላይ አትውጣ።
ስማክዳውን ዓርብ ዩኤስኤ ኔትወርክ ላይ ነው። ኪስ የሚጎዳው ይሄ ነው፤ ቻናሉን ለብቻው አትገዛውም። ከኬብል ውጪ ከርካሾቹ መንገዶች አንዱ ቻናል በኢንተርኔት የሚሸጠው ስሊንግ ሲሆን ሰማያዊው (ብሉ) ፓኬጅ ከ45 ዶላር በላይ ነው። ብርቱካናማው (ኦሬንጅ) ውስጥ ዩኤስኤ የለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የቀን ፓስ 5 ዶላር ነው ሲባል ይገዛል፣ ከዚያ ስማክዳውንን ፈልጎ ያጣል። የቀን ፓሱ የብርቱካናማው ነው።
ትልልቆቹ (ሬስልማኒያ፣ ሰመርስላም፣ ሮያል ራምብል፣ ሰርቫይቨር ሲሪስ) ከሴፕቴምበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ኢኤስፒኤን አንሊሚትድ ላይ ናቸው፣ በወር 29 ዶላር ከ99። ሳተርደይ ናይትስ ሜይን ኢቨንት ብቻ ፒኮክ ላይ ቀርቷል፣ 10 ዶላር ከ99።
ለ40 ዶላር የምመክርህ፦ ኔትፍሊክስን ዓመቱን ሙሉ ያዝ፤ ኢኤስፒኤንን ትልቅ ትርዒት ባለበት ወር ብቻ ክፈትና በከፈትክበት ቀን አውቶማቲክ እድሳቱን አጥፋ። 37 ዶላር ከ98 ይመጣል። ትርዒት በሌለበት ወር 8 ዶላር ብቻ። ስማክዳውንን በዩቲዩብ ቅንጭብ ተከታተል፤ ዋና ዋናው ሌሊቱን ይለቀቃል።

ፋዮስ ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የፋዮስ *ቲቪ* ደንበኛ የሆነ ዘመድ ካለህ፣ አንሊሚትድ ከፓኬጁ ጋር ይመጣል፣ ተጨማሪ አይከፍልም። ኢንተርኔት ብቻ ላለው ግን አይመጣም። የኢኤስፒኤን ቻናል ያለው ሁሉ ትልልቆቹን ያያል ማለትም አይደለም። ሬስልፓሉዛ (ኢኤስፒኤን ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ትርዒት) ሲጀመር የኮምካስትና የዩቲዩብ ቲቪ ደንበኞች ቻናሉ እያላቸው ትርዒቱ ውጭ አስቀርቷቸዋል።

ሁሉም አለኝ፦
ለምን ትጨነቃለህ ወንድሜ? ቲቪ ላይ የሚሰካ የአንድሮይድ ቦክስ ግዛ። በዓመት 120 ዶላር፣ ሁሉም ቻናል፣ ፔይ ፐር ቪው (ለየብቻ የሚከፈልበት ትርዒት) ሳይቀር፣ የኢትዮጵያም ሁሉ አለ። የምገዛበት ልጅ ጎበዝ ነው፣ ስልክ ያነሳል።

ሦስተኛው ገመድ፦
ስልክ ያነሳል? እኔ የገዛሁበት ሻጭም ብሩን በዜል እስኪቀበል ድረስ ያነሳ ነበር። ሰመርስላም ላይ ጆን ሲናና ኮዲ ሮድስ ሊገቡ ሲሉ ስክሪኑ መዞር ጀመረ፤ ሲመለስ ሌላ ሰው ቀበቶ ይዟል። ይሄ ያጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ሰርቨሩ የሻጩ ሳይሆን የሌላ ሰው ነው፣ ሻጩ «ክሬዲት» በጅምላ ገዝቶ የሚቸረችር ነው። ሰርቨሩ ለተራ ማክሰኞ ይበቃል። ትልቅ ትርዒት ሲሆን ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገባና ዋናው ግጥሚያ ላይ ይሞታል። አድራሻው በተዘጋ ቁጥር አዲስ ሊንክ ይልኩልሃል፤ አንድ ቀን ሊንኩም ሻጩም ይጠፋሉ። ዜል ደግሞ ገንዘብ አይመልስም።

ሁሉም አለኝ፦
የአንተ ኢንተርኔት ነው ችግሩ። የኔ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

ሦስተኛው ገመድ፦
በዚያው ኢንተርኔት፣ በዚያው ሰዓት፣ ኔትፍሊክስ በሙሉ ጥራት ይሠራል። ራውተሩ የሚያዳላ ይመስልሃል?

ሁሉም አለኝ፦
ኢንተርኔት ቀይር በቃ።

ፋዮስ ነኝ፦
ስለ ቦክሱ አንድ የምር ነገር። ኤፍቢአይ በጁን 2025 ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል ነገር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ወይም መጀመሪያ ሲከፈቱ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ይገኛል። የቤትህን ኢንተርኔት ለሌላ ሰው ወንጀል መተላለፊያ ያደርጉታል። ምልክቶቹ፦ ፕሌይ ፕሮቴክትን (የጉግልን ጥበቃ) አጥፋ ካለህ፣ የማይታወቅ የመተግበሪያ መደብር ካለው፣ «ሁሉም ነገር ነፃ» ተብሎ ከተሸጠ። አስቀድመው የገዛችሁ ካላችሁ ቢያንስ ከባንክ ስልካችሁ ጋር አንድ ዋይፋይ ላይ አታድርጉት፤ ራውተሩ ላይ የእንግዳ መስመር ከፍታችሁ እዚያ አስገቡት።

ሁሉም አለኝ፦
ኤፍቢአይ ሬስሊንግ ስለማይወድ ነው 😂

ቶሮንቶ ነኝ፦
እዚህ ካናዳ ሮው፣ ስማክዳውን፣ ትልልቆቹም በሙሉ ኔትፍሊክስ ላይ ናቸው። አንድ ክፍያ፣ አለቀ።

ቀበቶ ያዥ፦
እንኳን ደስ ያለህ። ጠያቂው ያለው ሜሪላንድ ነው።

የሸገር ልጅ፦
ከአዲስ አበባ ነኝ። ሮው «2 ሰዓት» የሚባለው በኛ ስንት ሰዓት ነው? ኔትፍሊክስስ እዚህ ያሳያል?

ቀበቶ ያዥ፦
የዋሽንግተን ሰኞ ማታ 2 ሰዓት፣ ክረምታቸው ሲሆን (ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ) ላንተ ማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ሰዓታቸውን ሲገፉ ሌሊት 9 ይሆናል። የኢትዮጵያ ሰዓት ስለማይቀየር በዓመት ሁለቴ ማስታወሻህን አስተካክል። ኔትፍሊክሱን በተመለከተ፣ መብቱ በየአገሩ ይለያያል፤ አፍሪካ ላይ ለዓመታት የሱፐርስፖርት ነበር። ከመክፈልህ በፊት በራስህ አካውንት ፈልገህ ስሙ ሲመጣ እይ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከልህ የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይሆንም።

አንቴና፦
ማንም ስለ ነፃው አላነሳም። ኤንኤክስቲ (የደብሊውደብሊውኢ አዳዲስ ታጋዮች ትርዒት) ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ሲደብሊው የሚባለው ቻናል ላይ ነው፤ ዲሲ አካባቢ ቻናል 50። የቤት ውስጥ አንቴና ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው፣ ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ የለም። መስኮት ላይ ለጥፈው፣ ከቲቪው ጀርባ አትደብቀው። ከዚያ ሴቲንግ ገብተህ «ኤር» ወይም «አንቴና» የሚለውን ምረጥና ስካን አድርግ። «ኬብል» ላይ ሆኖ ስካን ካደረግክ ምንም አታገኝም፤ አብዛኛው ሰው አንቴናው አይሠራም ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ለማሠራጫ ማማዎቹ ቅርብ ስለሆነ አምፕሊፋየር ያለውን አትግዛ። ሲግናሉ ይበዛና ምስሉ ይቆራረጣል።

ከገመዱ ውጪ፦
አንቴናው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አመሰግናለሁ። ኤኢደብሊውስ? ሁለተኛው ጥያቄዬም ተረሳ።

ኦስፕሬይ በ4 ኪሎ፦
ኤኢደብሊው ከሁሉም ቀላል ነው። ዳይናማይት ረቡዕ፣ ኮሊዥን ቅዳሜ፤ ሁለቱም ኤችቢኦ ማክስ ላይ በቀጥታ፣ 10 ዶላር ከ99። ፔይ ፐር ቪው ለማክስ ደንበኛ 39 ዶላር ከ99 ነው፣ ሌላ ቦታ 49 ዶላር ከ99። ያውም ዲቪአር (መቅጃ) ሳያስፈልግ ወደ ኋላ ተመልሰህ ታያለህ።
ከ2025 አንድ ብቻ ምረጥ ካልከኝ ኦል ኢን ቴክሳስ፣ ጁላይ 12። ሃንግማን አዳም ፔጅ ከጆን ሞክስሊ። ሞክስሊ ቀበቶውን ቦርሳ ውስጥ ቆልፎ ለወራት አላሳየም ነበር፤ ያ የቦርሳ ታሪክ ሳምንት በሳምንት ሲያሰለች ቢከርምም ፍሬው እዚያ ምሽት ላይ መጣ። ከእሱ በፊት ግን የሜይ 25ቱን ሃንግማን ከኦስፕሬይ እይ፤ አለዚያ ሃንግማን ለምን እዚያ እንደ ደረሰ አይገባህም። እንደ ማስጠንቀቂያ፦ ትርዒቱ በጣም ረጅም ነው። መካከሉን ዝለለው።

ሲና ለዘላለም፦
ኤኢደብሊው ማን ያያል? ጂምናስቲክ ነው።

ኦስፕሬይ በ4 ኪሎ፦
ከአስር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ብሮክ ሌስናር ሲናን ጠርጎ የጣለበትን ሬስልፓሉዛን 30 ዶላር ከፍለህ ያየኸው አንተ ነህ። ጂምናስቲክ ቢሆን ቢያንስ ላብ ይታይ ነበር።

ሲና ለዘላለም፦
የሲና የስንብት ዓመት ነው፣ አትነካካው።

ቀበቶ ያዥ፦
ከሲና ዓመት ሁለት ግጥሚያ ይበቃል። ኦገስት 3 ሰመርስላም ላይ ከኮዲ ሮድስ ጋር፤ ሬስልማኒያ 41 ላይ ያበላሹትን እዚያ ጠገኑት። ሬስልማኒያው ቀስ ብሎ ተጎተተ፣ ራፐሩ ትራቪስ ስኮት ገብቶ አበቃለት፣ ዘ ሮክ ደግሞ ነገሩን ጀምሮ ጠፋ። ሰመርስላም ላይ ግን ሁለቱም የጠላትና የወዳጅ ሚናውን ትተው ዝም ብለው ታገሉ፤ ልዩነቱ ያ ነው። ሁለተኛው ኦክቶበር 11 አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ ከኤጄ ስታይልስ ጋር። እርስ በርስ የድሮ ተጋጣሚዎቻቸውን ፊርማ እንቅስቃሴ እየተዋሱ ነው የሚሄዱት፤ ለአዲስ ተመልካች አይገባም፣ ለከረመ ሰው ግን ግብዣ ነው።
ከሬስልማኒያው ደግሞ ሁለተኛውን ቀን የከፈተውን ብቻ እይ፦ ኢዮ ስካይ፣ ሪያ ሪፕሊ፣ ቢያንካ ቤሌር። ሦስት ሰው ሲሆን ብዙ ጊዜ አንዱ ውጭ ተኝቶ ተራ ይጠብቃል። እዚያ ግን ሦስቱም ውስጥ ናቸው፣ እያንዳንዱ የማሸነፍ ሙከራ በሦስተኛዋ እጅ ይሰበራል።

ሲና ለዘላለም፦
የመጨረሻውን ለምን ዘለልከው? ዲሴምበር 13፣ እዚሁ ካፒታል ዋን አሪና!

ቀበቶ ያዥ፦
ሆን ብዬ። «ተስፋ አልቆርጥም» ሲል የኖረ ሰው በጉንተር ማነቂያ እጁን መትቶ ወጣ። ከታሪክ አንጻር ይገባኛል፤ የሚሄድ ሰው ወጣቱን ከፍ አድርጎ ይሄዳል፣ ጉንተርም በአንድ ዓመት ጎልድበርግንም ሲናንም ጡረታ አስወጣ። ግን አዳራሹ ሲያጉረመርም ያን የመሰለ ምሽት በዚያ መዝጋት የጊዜ አመራረጥ ስህተት ነው። ከዚያ ይልቅ ጃንዋሪ 4 ቀን 2026 የቶኪዮ ዶሙን (ጃፓን) ታናሃሺ ከኦካዳ ተመልከት። ታናሃሺም ተሸንፎ ነው የወጣው፣ ግን ሽንፈቱ ስንብቱን አልበላውም።

ሲና ለዘላለም፦
ጃፓን ማንም አያይም።

ባቡር ጠባቂ፦
ካፒታል ዋን ከተነሳ፣ ለሚቀጥለው ትርዒት ቲኬት የምትገዙ ወለል ላይ ካለው ወንበር ተጠንቀቁ። ወለሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከአምስተኛው ረድፍ ወዲያ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው የምታዩት፤ ዋጋው ደግሞ እጥፍ ነው። 100ዎቹ ክፍሎች ከ8ኛ እስከ 18ኛ ረድፍ ይሻላሉ። ከመግቢያው ስክሪን ጀርባ ያለውን ቲኬት ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ ግማሹ ይጋረዳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር ቀጥታ ጋለሪ ፕሌስ ያወርዳል፣ መኪና አያስፈልግም።

ከገመዱ ውጪ፦
ቲኬት አልጠየቅኩም ግን ጠቃሚ ነው።

የናቲ እናት፦
ይቅርታ ከርዕሱ ውጪ ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ለልደቱ ቀበቶ ይፈልጋል። ኦንላይን ከ25 ዶላር እስከ 400 ዶላር አየሁ። ልዩነቱ ምንድነው?

ቀበቶ ያዥ፦
እህቴ፣ የማቴሉን (የአሻንጉሊት ድርጅቱን) ፕላስቲክ ይግዙለት። 400ው የአዋቂ ነው፤ እስከ 46 ኢንች ወገብ ነው የሚሠራው፣ ለልጅ ይወርድበታል፣ የብረቱም ጠርዝ የወንድም ጥርስ ያወልቃል። መሃል ያለውን 100 እና 120 የሚለውን ይተዉት። አብዛኛው አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ሰሌዳው 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይታጠፋል፣ ቀለሙም ይላጣል።

የናቲ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እውነቱን ልናገር፦
ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ይሄ እኮ ድራማ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የተጻፈ ነው።

ኦስፕሬይ በ4 ኪሎ፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ነው የሰማሁት። ለሁሉም እናሳውቅ።

ፋዮስ ነኝ፦
ለጠያቂው ስለ ቀጥታ ስርጭት ሁለት ነገር። ኔትፍሊክስ ለኤችዲ 5፣ ለፎርኬ 15 ሜጋቢት ነው የሚጠይቀው፤ ፋዮስ ካለህ ፍጥነት ችግርህ አይደለም፣ ዋይፋዩ ነው። ቲቪውን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካው። ሁለተኛ፣ ስትሪም ከአዳራሹ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ የስልክህን ማሳወቂያ አጥፋ፤ አለዚያ ውጤቱ ከግጥሚያው ቀድሞ ይደርስሃል። በማግሥቱ የምታይ ከሆነም ፊት ለፊት ያለውን ፎቶ ሳታይ በፍለጋ ግባ፣ አሸናፊውን ፎቶው ላይ የሚለጥፉበት ጊዜ አለ።

ባቡር ጠባቂ፦
@ከገመዱ ውጪ በመጨረሻ የቱን ያዝክ? ሬስልማኒያ 42 ኤፕሪል 18 እና 19 ቀን 2026 ነው፣ ኢኤስፒኤንን የምትከፍት ከሆነ ከዚያ ሳምንት በፊት አትክፈተው።

ሁሉም አለኝ፦
ቦክስ የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ። የኢድ ቅናሽ አለ።

ሦስተኛው ገመድ፦
ስልክ ያነሳል ወይ?