የኦ.ጄ. ሲምፕሰን ክስ፦ ጓንቱ ነው ወይስ የደሙ ብልቃጥ?

የሕግ ተማሪ፦

በማስረጃ ሕግ ትምህርታችን የቀድሞውን የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ የኦ.ጄ. ሲምፕሰንን የግድያ ወንጀል ክስ እንድንተነትን ታዘናል። የቀድሞ ሚስቱ ኒኮል ብራውን ሲምፕሰንና ጓደኛዋ ሮናልድ ጎልድማን በሎስ አንጀለስ የተገደሉት ጁን 12 ቀን 1994 ምሽት ነው። ዐቃቤ ሕግ በግድያው ስፍራ የተገኘ አንድ የደም ጠብታ ከሲምፕሰን ደም ጋር መመሳሰሉን አሳይቶ፣ እንዲህ ያለው የዲኤንኤ መለያ ከ170 ሚሊዮን ሰው በአንዱ ብቻ እንደሚገኝ በባለሙያ አስመስክሯል። ይህን የመሰለ ማስረጃ ቀርቦ ሳለ ተከሳሹ በነጻ የተሰናበተው፣ ብዙዎች እንደሚሉት፣ ዐቃቤ ሕግ የገዳዩ ነው ያለው፣ አንዱ በግድያው ስፍራ ሌላው በሲምፕሰን ጊቢ የተገኘው ጓንት በእጁ አልገባ ስላለ ነውን?

ጠበቃ ከአዲስ አበባ፦

ጓንቱ ከሁሉ በላይ የሚወሳው በቴሌቪዥን ስለታየና «ካልገባው ነጻ አውጡት» የሚል በእንግሊዝኛ ቤት የሚመታ አባባል ስለወጣለት ይመስለኛል። ዐቃቤ ሕጉ ክሪስቶፈር ዳርደን ጁን 15 ቀን 1995 ተከሳሹ ጓንቱን በጁሪው (ፍርዱን በሚሰጡት አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች) ፊት እንዲያጠልቅ መጠየቁ በእርግጥ በገዛ እጁ ያመጣው ዕዳ ነበር። ሲምፕሰን ከሥር ስስ የላስቲክ ጓንት አድርጎ እየታገለ እንደጠበበው ሲናገር ጁሪው ሰምቶታል፤ ልብ ይበሉ፣ ይህን የተናገረው ሳይምልና መስቀለኛ ጥያቄ ሳይቀርብለት ነው፤ በዚያ ችሎት ምስክር ሆኖ ቀርቦም አያውቅም። ከቀናት በኋላ ተመሳሳይ አዲስ ጓንት ልክ ሆኖለታል፤ ግን የፊተኛውን ማን ይረሳል?

የመከላከያው ምሰሶ ግን ደሙ በማን እጅ አለፈ የሚለው ጥያቄ ነበር። መርማሪው ፊሊፕ ቫናተር በግድያው ማግስት ከተከሳሹ የተቀዳውን ደም ወዲያውኑ በማስረጃነት በማስመዝገብ ፈንታ ብልቃጡን ይዞ ወደ ሲምፕሰን ቤት ሄደ። ደሙን የቀዳው ነርስ መጠኑ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ እንደነበር አስቀድሞ ተናግሮ ስለነበር፣ ተከላካዮቹ በመዝገብ የታየውን ሁሉ ደምረው «1.5 ሚሊ ሊትሩ የት ገባ?» አሉ። ነርሱ ቆይቶ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል ቢልም ጥያቄው እዚያው ተተክሎ ቀረ። በዚህ ላይ በኒኮል ቤት በኋለኛው በር የነበረው ደም የተሰበሰበው ጁላይ 3 ቀን ሲሆን፣ በሲምፕሰን መኝታ ቤት ከተወሰደው ካልሲ ላይ ደም መኖሩ የታወቀው ኦገስት 4 ቀን ነው፤ ሁለቱም ተከሳሹ ደም ከሰጠ ከሳምንታት በኋላ መሆኑ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦

ጠበቃው ያነሡት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን አልፈዋል። በግድያው ስፍራ ከገዳዩ የጫማ ዱካ ጎን የነበሩት የደም ጠብታዎች የተነሡት በማግስቱ ጠዋት ሲሆን፣ ሲምፕሰን ደም የሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ያልተቀዳ ደም ማንም ሊያንጠባጥብ አይችልም። ስለዚህ ተከላካዮቹ ክርክራቸውን ለሁለት ከፈሉት፦ የበሩንና የካልሲውን ደም ፖሊስ ቀባው ሲሉ፣ ለጠብታዎቹ ግን ናሙናው በቤተ ሙከራ ተበክሏል ማለት ነበረባቸው። ለዚህም የፖሊስ ቤተ ሙከራ ባለሙያው የተከሳሹን ብልቃጥ ሲከፍት ደም ራሱ ያደረገውን የሥራ ጓንት እንደነካው ማመኑ፣ እርጥብ ናሙናዎችም በላስቲክ ከረጢት ሆነው በሞቃት መኪና ውስጥ መቆየታቸው ጠቀማቸው። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ክርክር ደካማ ነው እላለሁ፤ ሙቀት ዲኤንኤን ያበላሸዋል እንጂ የአንዱን ሰው የሌላው አያደርገውም። ያም ሆኖ እኛ ዘንድ የተጠርጣሪው ደም ከስፍራው ናሙና ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይከፈትም።

ነዋሪ በካሊፎርኒያ፦

ዜግነት ካገኘሁ በኋላ በአንድ የስርቆት ክስ በጁሪነት ተቀምጫለሁ። ዳኛዋ ካነበቡልን መመሪያ ውስጥ ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ (ድርጊቱን በቀጥታ ሳይሆን በተዘዋዋሪ የሚያመለክት ማስረጃ) ሁለት ምክንያታዊ ትርጉም ካለውና አንዱ ወደ ንጽሕና የሚያመለክት ከሆነ ያንኑ እንድንቀበል የሚያዘው ነው። እኛ አሥራ ሁለታችን በዚህ በአንድ አንቀጽ ላይ ግማሽ ቀን ተከራክረናል።

አሁን የፖሊስ መርማሪውን ማርክ ፈርማንን በዚህ መመሪያ ይመልከቱት። ሁለተኛውን ጓንት ከሲምፕሰን ቤት ጊቢ ያገኘው እርሱ ነው፤ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል በ10 ዓመት ውስጥ አልተናገርኩም ብሎ ከማለ በኋላ ቃሉን ደጋግሞ ሲናገር የተቀዳበት ቴፕ ወጣ። ዳኛ ላንስ ኢቶ ለጁሪው ያሰሙት ሁለት ቅንጭብ ብቻ ቢሆንም፣ ጓንቱን ራሱ አስቀምጦት ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ለማሳደር በቂ ነበር። ፖሊሶች ጥቁሩን ሮድኒ ኪንግን በ1991 ከደበደቡት ወዲህ በሎስ አንጀለስ ፖሊስን በጭፍን የሚያምን ጥቁር ማግኘት ከባድ ነበር፤ ከአሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት ደግሞ 9ኙ ጥቁሮች ነበሩ። ስምንት ወር የፈጀውን ክርክር ከ4 ሰዓት ባነሰ ምክክር ቋጩት።

የሕግ ተማሪ፦

ጠብታዎቹ ተከሳሹ ደም ከመስጠቱ በፊት መነሣታቸውን አላስተዋልኩም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ታዲያ በ1997 በፍትሐ ብሔሩ ችሎት እንዴት ተጠያቂ ሆነ?

ጠበቃ ከአዲስ አበባ፦

በዚያ ችሎት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የማስረጃው ሚዛን ወደ ከሳሾቹ፣ ማለትም ወደ ሟቾቹ ቤተሰቦች፣ ማዘንበሉ ይበቃል። በወንጀሉ ነጻ ስለወጣም ዝም የማለት መብቱን መከታ ማድረግ አልቻለም፤ ቀርቦ መመስከር ግድ ሆነበት። በወንጀሉ ችሎት የኤፍቢአይ ባለሙያ ዱካው የብሩኖ ማሊ ጫማ፣ ቁጥር 12 መሆኑን ቢመሰክርም ሲምፕሰን እንዲህ ያለ ጫማ እንደነበረው ያሳየ አልነበረም። በፍትሐ ብሔሩ ክስ እንዲህ ያለ ጫማ አልነበረኝም ብሎ በመሐላ ከካደ በኋላ ግን ጫማውን ተጫምቶ የተነሣቸው ፎቶግራፎች ወጡ፤ በድምሩ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልም ተፈረደበት።