ይሄ ጠገራ ብር ፎርጅድ ይሆን?

ጥያቄ፦ አንድ የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር እጄ ገባ። 1780 ይላል፤ ግን አዲስ ነው የሚመስለው። ስመዝነው 24 ግራም። ምስሉ ላይ የንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ፈርጦች ተድበስብሰዋል። ማግኔት አይስበውም። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ በአዲስነቱ አትፍረድበት። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 ነው የሚለው። ክብደቱ ግን ጉድ ነው! ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ነው፤ አራት ግራም ደግሞ በማለቅ ብቻ አይጎድልም፣ ያውም አዲስ የሚመስል።

ሌላ መልስ፦ ማግኔቱን እርሳው፣ መዳብንም አይስብም። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር እየው፤ የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ መዞር አለበት።

ጠያቂው፦ ጽሑፍ የለውም። መሃል ለመሃል ቀጭን መስመር ዞሮታል።

ሌላ መልስ፦ በቃ፣ ፎርጅድ ነው፤ እንደ ትክክለኛው የተመታ ሳይሆን በቅርጽ የፈሰሰ ነው። መስመሩ የቅርጹ ሁለት ግማሾች መጋጠሚያ ነው። ለማነጻጸሪያ ለብቻው አስቀምጠው።